የአለቃ ቀለብ

«አይጥ! አይጥ ነው፣ በሩን ዝጉት!»

ጩኸቱ የመጣው ከመኝታ ቤት ነበር። ሳሎን ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ሴቶች እግራቸውን ሰበሰቡ፤ አንዷማ ቀሚሷን ጨብጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣች። ባሏን ቀብራ ከተመለሰች ጀምሮ ቃል ከአፏ ያልወጣው ሐና ግን ብድግ አለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ እግሯ ሥር ሲወድቅ አላየችውም። እየሮጠች ገባች።

«ያዟት! ራሷን እንዳትጎዳ!» አለ ከድንኳኑ በኩል አንድ የወንድ ድምፅ።

ቤቱን ልታጸዳ የገባችው የእድሩ ሴት ሰብለ፣ ጥግ ላይ ካለው ሰማያዊ ሳፋ በላይ መጥረጊያ ሰንዝራ ቆማለች። ሐና ሳፋው ላይ በደረቷ ተደፋች።

«አትንኪው! የዶላሞ ነው።»

«ምኑ?»

«የዶላሞ ነው አልኩሽ፣ እትዬ ሰብለ።»

ሰብለ መጥረጊያውን እንደያዘች ከኋላዋ የገቡትን ሴቶች ዞራ አየች። ሐዘን ሰውን ምን እንደሚያደርግ ብዙ አይታለች፤ ለአይጥ ብሎ የሚደፋ ግን አላጋጠማትም።

መኪያ ሴቶቹን በክርኗ ገፋ ገፋ አድርጋ ደረሰች። ከሐና ቤት አጠገብ ሱቅ ያላት፣ ምላሷ የማያርፍ ጎረቤት ናት።

«በይ መጥረጊያሽን አውርጂው» አለቻት ሰብለን። «አይጥ አይደለም። ሃምስተር ይባላል። የፈረንጅ ነው፤ የቀረው ፓስፖርት ብቻ ነው።»

«ጅራቱስ?»

«ጅራትማ ይህን ያህልም የለውም።»

«ጅራት የሌለው አይጥ!» ሰብለ አማተበች። «ስምንተኛው ሺህ ገብቷል በሉኛ።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን ለመዋጥ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሐና ቀና ብላ ሳፋው ውስጥ አየች። ከሰጋቱራው መሃል አውራ ጣት የሚያህል፣ አመድማ፣ ጀርባው ላይ ጥቁር መስመር ያለው ፍጥረት በሁለት እግሩ ቆሞ ጢሙን ያንቀጠቅጣል። አልተነካም። ያን ጊዜ ብቻ ሳፋውን ለቀቀች።

መኪያ ደግፋ ወደ ፍራሹ መለሰቻት። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ለሥራ አይነሳም። ውሃ ይመጣለታል፣ ምግብ ይመጣለታል፣ እጁን እንኳ ሰው ያስታጥበዋል። ቤቱ የእሱ መሆኑ ይቀርና የጎረቤት ይሆናል፤ ዕቃው የት እንደተቀመጠ ከእሱ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ሐና ይህን ሥርዓት በሌላው ቤት ስታየው ደግነት ይመስላት ነበር። አሁን ግን ከሳፋው ያራቃት እሱ ነው።

«ገብስና አብሽ ብቻ» አለቻት መኪያን በጆሮዋ። «ትንሽ ጎመን ቅጠል። ሌላ ምንም እንዳትሰጪው። ዳቦ ቢሆን፣ ሙዝ ቢሆን፣ ምንም።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አንቺ ብቻ አልቅሺ።»

ከጎኗ የተቀመጡት የባሏ የዶላሞ እናት እማማ ቦሼ ናቸው። ከጋዘር በላይ ካለው መንደራቸው ልጃቸውን ሊቀብሩ የወረዱ አሮጊት ናቸው። አማርኛ ኋላ የለመዱት ስለሆነ ሰው ፊት ቃላቸውን ቆጥበው ነው የሚያወጡት።

«ምን ሆነ?» አሉ።

«አይጥ ነው ብለው አለቃን ሊገድሉት ነበር፣ እማማ።»

እማማ ቦሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የልጄ ነው እሱ። የልጄን ዕቃ ምን ነካቸው?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከስቷል ግን። አየሁት። ታስርቡታላችሁ።»

ሐና ልትመልስ አፏን ስትከፍት ከድንኳኑ በኩል የአዲስ ለቀስተኞች ዋይታ ተሰማ። ሁለቱም ሊቀበሉ ተነሡ።

ዶላሞ ሾፌር ነበር። ጎብኚና ተመራማሪ ጭኖ ዲመካ፣ ካንጋተን፣ አንዳንዴም ዱስ ድረስ ይመላለሳል። መኪናው ባዶ ሆኖ የተመለሰበት ቀን የለም። በመንገድ ዳር እጁን ያነሣ ሁሉ ይሳፈራል፤ የገበያ ሴት ከነቅሏ፣ ሽማግሌ ከነፍየሉ። አንድ ጊዜ ፍየሏ የኋላ ወንበሩን ቀዳ ሸራውን በላችው። ሐና ስትቆጣው፣ «ፍየሏን ትቼ ሽማግሌውን ብቻ ልጫን እንዴ?» አላት።

አለቃንም ያገኘው እንዲሁ ነው። ጂንካ ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ የውጭ አገር ባልና ሚስት ሊሄዱ ሲሉ፣ ሕፃን ልጃቸው እያለቀሰች እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«እምቢ አትልም ነበር?» አለችው ሐና ያን ቀን፣ ሳፋው ውስጥ የሚርመሰመሰውን ነገር እያየች።

«እያለቀሰች የሰጠችኝን እንዴት እምቢ እላለሁ?»

ስሙን ያወጣለትም እሱ ነው። «ቀን ይተኛል፣ ማታ ይሮጣል፤ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም፣ ቀለቡ ግን አይቋረጥም። ይሄ አለቃ ካልሆነ ማን ነው?» ከዱቄት ወተት ጣሳ መሽከርከሪያ ሠራለት። ማታ ማታ ጣሳው ሲንኳኳ ተኝቶ ይሰማል፤ «አለቃ ቢሮ ገባ» ይላል።

ከመንፈቅ በኋላ አለቃ ውሃ ማብዛት ጀመረ። ጠዋት የተሞላለት ክዳን እኩለ ቀን ሳይደርስ ይደርቃል። ሰጋቱራው በየቀኑ ይረጥባል። ይበላል፣ ይከሳል። ዶላሞ አጎንብሶ ሲያየው ቆየና፣ «ይሄን ነገር አውቀዋለሁ» አለ። እሱ ራሱ ስኳር እንዳለበት ከተነገረው ብዙም አልቆየም ነበር። የራሱን የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ከመሳቢያ አወጣ፤ አለቃን ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀመጠና ጠበቀ። ወረቀቱ ረጠበ፤ ሰማያዊው አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ቡኒ ሆነ።

«ሐና! ነይ እዪ! ወንድም አገኘሁ!»

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሐኪሙ ከነገረው ቀን ወዲህ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር፤ እሷም ሳቀች።

የከብት ሐኪም የሆነ ጓደኛውን ቢጠይቀው፣ «እኔ የማክመው በሬ ነው፤ ይሄንን በአጉሊ መነጽር የሚያክም ፈልግ» ብሎ አሾፈበት። ሐና ግን የሳይንስ አስተማሪ ናትና እዚህም እዚያም እያነበበች የሚበላውንና የማይበላውን ለየች። ፍራፍሬ የለም፣ በቆሎ የለም፣ ጣፋጭ የሚባል የለም። አብሽ፣ ገብስ፣ ቅጠል፣ አልፎ አልፎ የተቀቀለ እንቁላል ፍርፋሪ። ያንኑ ለዶላሞም አደረገችው። ሁለቱ ወንዶች በአንድ ምጣኔ ተቀለቡ።

አለቃ ተሻለው። ወረቀቱ ከቡኒ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ተመለሰ። የዶላሞ ግን መርፌውንም እየወሰደ አልወርድ አለ።

«ምን በላህ?»

«የሰጠሽኝን።»

«አለቃም የሰጠሁትን ነው የሚበላው። የእሱ ወርዶ ያንተ ለምን አይወርድም?»

«እሱ ሳፋ ውስጥ ነዋ የሚውለው።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ካንጋተን መንገድ ላይ ጎማ ሲቀይር እሾህ የወጋው እግሩ አልድን ብሎ መግል ይዞ ነበር። «ትዋሸኛለህ» አለችው። «ዲመካ ሆቴል ቁጭ ብለህ የምትበላውን ትበላና እዚህ መጥተህ ትዋሸኛለህ። ውሸታም ነህ።» ዶላሞ ሳቁን አቆመ። የአለቃን ውሃ ሊሞላ ተነሥቶ እያነከሰ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስለ ምግብ ካልሆነ ሌላ አላወሩም። እግሩ ብሶበት ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ሲወስዱት ጭኗ ላይ ተኝቶ መንገድ ላይ አረፈ። ቃሉን መልሳ አልወሰደችውም።

ለቀስተኛው አልተቋረጠም። ጋሽ ወርቅነህ፣ የዶላሞ አጎትና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ በየመሃሉ ቃል ያነባሉ፤ ወጣቶቹ ይዘምራሉ። እያንዳንዱ የመጣ ሰው ጠረጴዛው ላይ ስኳር፣ ዳቦ ወይም ቆሎ አስቀምጦ ይቀመጣል። ከዚያ ሹክሹክታው ይጀምራል።

«ምን ነበር ያመመው?»

«እግሩን እሾህ ወጋው» ይላሉ እማማ ቦሼ። ሌላ አይጨምሩም።

«በእሾህ ሰው ይሞታል?» ትላለች አንዷ ለጎኗ።

«የታዘዘ እንደሆነ በምንም ይሞታል።»

ሐና ትሰማለች። ልቧ ያለው መኝታ ቤት ነው። የዶላሞ ልብስ ተጣጥፎ ይሰጣል፤ መኪናው የባለቤቱ ነው፣ ይወሰዳል። ከእሱ እጅ የቀረ፣ እስትንፋስ ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው። እሱን እንኳ ማዳን ካቃታት፣ ያንን ሁሉ ቁጣዋን ለምን ብላ እንደተቆጣች ለራሷም መልስ አይኖራትም።

መኪያ የሻይ ትሪ ይዛ አጠገቧ አጎነበሰች። «ውሃውን ጨረሰ።»

«ጠዋት አልሞላሽም?»

«ሞልቻለሁ። ደግሞ ጨረሰ። ሥሩም ርሷል።»

ሐና ቀና አለች። «ሰው እያበላው ነው።»

«በአላህ፣ እኔ እንዳልሽኝ ነው። የሱቄ አብሽ እያለቀ ነው፤ ደንበኛ ሲጠይቀኝ አለቃ በልቶታል ልል ነው?»

«ሰብለን ጥሪልኝ።»

ሰብለ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ሐና ድምፅዋን ሳታነሣ ጠየቀቻት፤ አዝነሽለት ሙዝ ወይ ዳቦ ሰጥተሽው እንደሆነ አልቆጣም፣ ብቻ ንገሪኝ አለቻት።

«እኔ?» አለች ሰብለ። «በዚያ በኩል የማልፈው ሰላም ለኪ እየደገምኩ ነው! እንኳን ላጎርሰው!»

መኪያ ሳቋ አምልጧት ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንኳኩ። ጋሽ ወርቅነህ ከወዲያ ጫፍ ቀና ብለው አዩአቸው። እማማ ቦሼ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ።

ከሰዓት በኋላ የጂንካ ዝናብ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ራቅ ያለ ሰው አያሰማም። ለቀስተኛው ሳሳ፣ ወጣቶቹ ከድንኳኑ ጣሪያ የተጠራቀመ ውሃ በእንጨት እየገፉ ሲያፈስሱ ሐና ልብስ ልቀይር ብላ ገባች።

አለቃ ጥግ ላይ ተኮራምቷል። ፀጉሩ ቆሟል፣ ዓይኑ ግማሽ ተከድኗል። በጣቷ ስትነካው ሊነክሳት እንኳ አልሞከረም፤ ሆዱ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። በፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ሥር አስገባችው፤ በሌላው እጇ የረጠበውን ሰጋቱራ ታወጣ ጀመር። አለቃ ያገኘውን ጉንጩ ውስጥ ወትፎ ጎጆው ሥር የማከማቸት ልማድ አለው። ከሥር የገብስ ፍሬ አገኘች። አብሽ አገኘች። ከዚያ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ታኝኮ የተድቦለቦለ ነገር አገኘች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

ሰም ነው። ማር ማር ይሸታል።

አለቃን ሳፋው ውስጥ ሙቅ ጨርቅ ላይ አስተኝታ፣ እርጥቡን ሰጋቱራ በጓሮ በር ወስዳ ደፋችው። ደረቁን ከማዳበሪያው ዘግና ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። እማማ ቦሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ሳፋው አጠገብ በርከክ ብለዋል። የነጠላቸው ጫፍ ተፈትቶ ጭናቸው ላይ ነው፤ ውስጡ የተቆረሰ የማር እንጀራ አለ። አውራ ጣታቸውን ነክረው ወደ ሳፋው ዘረጉ። በአገራቸው ቋንቋ በአሪኛ ያባብሉታል። ሐና በትዳር ዘመኗ አሪኛ መናገር ባትችልም መስማቱን ለምዳለች።

«ብላ፣ ልጄ» ይላሉ እማማ ቦሼ። «ብላ፣ አሁን የለችም።»

ሐና የያዘችው ሰጋቱራ በጣቶቿ መሃል ፈሰሰ።

እማማ ቦሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ይወርዱ ነበር። ዕቃቸውን ሸጠው ቤት ይገባሉ፣ ጥቂት ይቀመጣሉ፤ ሲሄዱ ዶላሞ ኔሪ ወንዝ ድልድይ ድረስ ይሸኛቸዋል። ሲመለስ እራት አይበላም። «አልራበኝም፤ እናቴ ስታወራኝ ቆይታ» ይላል። ሐና ይህን ሁሉ ስታይ ነው የኖረችው። ያላየችው ከድልድዩ አጠገብ የሚፈታውን የነጠላ ጫፍ ነው። ውሸታም ስትለው ዝም ያለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። አንድ ቃል ቢናገር ራሱን ያድን ነበር፤ እናቱን ግን ያስወቅሳል። ስድቡን መረጠ።

«እማማ።»

አሮጊቷ ደንግጠው ጣታቸውን ጨበጡ። «ርቦት ነው» አሉ።

«ማር ነው?»

«ማር ነው። ከራሴ ቀፎ።» ቀና አሉ። «ስኳር አይደለም። ስኳር የፋብሪካ ነው፤ ማር የእግዚአብሔር ነው። መድኃኒት ነው። ከመቼ ወዲህ ነው ማር ሰው የገደለው?»

ሰው ነው ያሉት። ስለ አለቃ እያወሩ ሰው አሉ፤ ካሉ በኋላ ራሳቸውም ሰሙት።

ቃሉ ሐና ምላስ ላይ ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ውሎ አድሮ ሳሎን ያለው ሁሉ ይሰማል፣ መንደሩም ይሰማል፤ አሮጊቷም እስከ መቃብራቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ሐና ግን መሳቢያውን ከፍታ ከዶላሞ ወረቀቶች አንዱን አወጣችና አለቃ የተኛበት ጨርቅ የረጠበው ቦታ ላይ ጫነችው። ሁለቱም አጎንብሰው ጠበቁ። ቀለሙ አረንጓዴው ላይ አልቆየም።

«ሰማያዊ ሲሆን ደህና ነው» አለች ሐና። «እንዲህ ሲጠቁር ስኳሩ በዝቷል ማለት ነው።»

«ከማሩ ነው?»

«ከማሩ ነው።»

እማማ ቦሼ ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱ። ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት።

«የልጄም እንዲህ ይሆን ነበር?»

ሐና አይሆንም ማለት ትችል ነበር። በዝናቡ ድምፅ ውስጥ ውሸቱን ሌላ ሰው አይሰማውም ነበር።

«ይሆን ነበር» አለች።

«ቅዳሜ ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይብሳል።» ሐና አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ያውቅ ነበር፣ እማማ። እንደሚጎዳው ከእኔም ከእርስዎም በላይ ያውቅ ነበር። ከእጅዎ እምቢ ማለት ነው ያቃተው። ለእኔም አልነገረኝም። እኔ ደግሞ ውሸታም አልኩት።»

ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። እማማ ቦሼ አላለቀሱም። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ደባበሱት።

«አንድ ቀን ነግሮኝ ነበር» አሉ። «‹እማ፣ ተይ፣ ሐና ትቆጣለች› አለኝ። ሳቅሁበት። ሚስትህን ፈራህ አልኩት።» ወረቀቱን ገለበጡት። «ትቆጣለች ነው ያለኝ። ያመኛል አላለኝም።»

ዝናቡ እየቀለለ ነበር። ከውጭ አዲስ ዋይታ ተነሣ፤ ወንዶች፣ ብዙ ወንዶች፣ የዶላሞን ስም እየጠሩ ይገባሉ። የጋሽ ወርቅነህ ድምፅ በበሩ በኩል መጣ።

«ቦሼ! ከካንጋተን ናቸው፣ ሾፌሮቹ ናቸው! ሐና፣ ውጡ እንጂ፣ ሰው ቆሟል!»

እማማ ቦሼ ተነሡ። የሄዱት ግን ወደ ሳሎን አልነበረም። የማሩን እንጀራ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ግድግዳው ላይ ሰቀሉ። በጓሮ በር ወጥተው ከጀሪካኑ ውሃ አፈሰሱ፤ ቀኝ እጃቸውን በሳሙና አሹ። አውራ ጣታቸውን አሹ፣ የጥፍራቸውን ሥር በሌላው ጥፍር ፋቁ፣ አሸተቱት፣ እንደገና አጠቡት። ተመልሰው መጥተው በእርጥብ እጃቸው ሳፋው አጠገብ በርከክ አሉ።

«ባዶ እጄን ወደ ልጄ ገብቼ አላውቅም» አሉ። ለማን እንደተናገሩ አልታወቀም።

«ሐና!» አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

«ይቆዩ!» አለች ሐና። ጮክ ብላ፤ ዋይታውን አልፎ እንዲሰማ አድርጋ። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

እማማ ቦሼ እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁ። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ሳፋው ውስጥ ዘረጉት። አለቃ ከጨርቁ መሃል ብዙ ቆይቶ ራሱን አወጣ። እየተንገዳገደ መጣ። አውራ ጣታቸውን አሸተተ፤ በአንደኛው በኩል አሸተተ፣ በሌላው በኩል አሸተተ፣ የጥፍሩን ሥር ላሰው፤ ምንም የለም። ወደሚቀጥለው ጣት ሄደ። እዚያም ምንም የለም። ጣቶቹን አዳርሶ ጨረሰና መዳፉ መሃል ገብቶ ተጠቀለለ።

ውጭ ሾፌሮቹ ያለቅሳሉ። እማማ ቦሼ ጉልበታቸው ወለሉ ላይ፣ ክንዳቸው በአየር ላይ፣ አለቃ እንዳይነቃ በግራ እጃቸው የቀኛቸውን አንጓ ደግፈው ያዙት።